ተነቅሎ የሚተከል ፍሬምወርክ፦ ለትንሽ የሶፍትዌር ቡድን የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

ይህ መመሪያ ሐዋሳ ውስጥ ከሦስት እስከ ስድስት ሆነው ለሚሠሩ የሶፍትዌር ቡድኖች የተዘጋጀ ነው። የእንዲህ ያለ ቡድን ደንበኞች ይታወቃሉ፦ ሐይቁ ዳር ያለ ሆቴል፣ አቶቴ ያለ መድኃኒት ቤት፣ አለታ ወንዶ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ያለው ነጋዴ፣ አንድ ሁለት የግል ትምህርት ቤቶች። ሥራዎቹ ከሩቅ ሲታዩ አይገናኙም። ቀረብ ብሎ ለሚያያቸው ግን ሁሉም ተጠቃሚ ይመዘግባሉ፣ ገንዘብ ይቀበላሉ፣ ደረሰኝ ያወጣሉ፣ በኢትዮጵያ የቀን አቆጣጠር ሪፖርት ይጠይቃሉ። የተለመደው መንገድ ያለፈውን ፕሮጀክት ገልብጦ የደንበኛውን ስምና አርማ መቀየር ነው። አምስተኛው ደንበኛ ላይ ሲደረስ አንዱ ስህተት አምስት ቦታ መታረም ይኖርበታል፤ አራት ቦታ ታርሞ አንዱ ይረሳል። የሚረሳው ደግሞ ሁልጊዜ ቶሎ የሚቆጣው ደንበኛ ዘንድ ያለው ነው።

ከዚህ አዙሪት ለመውጣት የጋራውን ሥራ ከኮምፖነንቶች (ለየብቻ ከሚነቀሉና ከሚተከሉ የፕሮግራም ክፍሎች) በተገጣጠመ ፍሬምወርክ (የፕሮግራሙ አጽም በሆነ የጋራ መሠረት) ላይ ማቆም ይቻላል። ሐሳቡ የቆየ ነው። የኮምፒውተር ሊቁ ዳግ ማክኢልሮይ እ.ኤ.አ. በ1968 ጀርመን፣ ጋርሚሽ በተካሄደው የኔቶ የሶፍትዌር ምህንድስና ጉባኤ ላይ ሶፍትዌር ከካታሎግ ተመርጠው ከሚገጣጠሙ ክፍሎች መሠራት አለበት ብሎ ተከራክሯል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተብሏል፤ ብዙውም ለትልልቅ ኩባንያዎች የተባለ ነው። ለትንሽ ቡድን የሚበጀው አንድ መለኪያ ይዞ መነሣት ነው፦ አንድ ክፍል ከሥርዓቱ ሲነቀል የቀረው መሥራቱን ከቀጠለ ኮምፖነንት ነው፤ ካልቀጠለ ፎልደር ነው። ከታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ ይህን ፈተና ለማለፍ የሚደረጉ ዝግጅቶች ናቸው።

አንድ ነገር ከወዲሁ እንለይ። ላይብረሪን፣ ማለትም ሌላ ሰው አዘጋጅቶ ያቀረበውን የኮድ ስብስብ፣ እናንተ ትጠሩታላችሁ፤ ፍሬምወርክ ግን እናንተን ይጠራችኋል። ፕሮግራሙን የሚያስነሣው፣ ጥያቄ የሚቀበለው፣ የማን ተራ እንደሆነ የሚወስነው ፍሬምወርኩ ነው፤ የእናንተ ኮድ ቦታው ላይ ተቀምጦ ሲጠራ ይሠራል። ይህ ሥልጣን ስላለው ፍሬምወርክ ሲበላሽ ከላይብረሪ ይልቅ ብዙ ነገር ይዞ ይበላሻል። ስለዚህ እምብርቱን፣ ማለትም ኮምፖነንቶቹን የሚያስነሣውንና የሚያገናኘውን ክፍል፣ ትንሽ አድርጉት። ሆቴል፣ መድኃኒት ወይም ቡና የሚል ቃል እምብርቱ ውስጥ ከተገኘ አንድ ነገር ቦታውን ስቷል።

1. ከፍሬምወርኩ በፊት ሥራውን ጨርሱ

አንድ ደንበኛ ብቻ ያለው ቡድን ፍሬምወርክ አያስፈልገውም፤ ደንበኛው የከፈለበትን ሠርቶ ያስረክብ። የጋራው ነገር በዓይን የሚታየው ሁለት ሥርዓቶች ተሠርተው ሦስተኛው ሲጀመር ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ ፍሬምወርክ በግምት የተሞላ ይሆናል። ግምት ደግሞ አንዴ ኮድ ከሆነ ለመንቀል እጅ ይከብዳል።

ሦስቱን ሥርዓቶች ጎን ለጎን አስቀምጡና ስለ እያንዳንዱ ፋይል አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ይህ ፋይል የሚለወጠው ማን ሲናገር ነው? የታክስ ስሌት የሚለወጠው አዋጅ ሲወጣ ነው። የሞባይል ክፍያ የሚለወጠው አገልግሎት ሰጪው አሠራሩን ሲቀይር ነው። የደረሰኝ ማተሚያው የሚለወጠው ደንበኛው አዲስ መሣሪያ ሲገዛ ነው። የሆቴል ክፍል ዋጋ የሚለወጠው ሥራ አስኪያጁ ሲያዝዝ ነው። በአንድ ሰው ቃል የሚለወጡትን አንድ ላይ ሰብስቡ፤ በተለያየ ሰው ቃል የሚለወጡትን ለያዩ። የሶፍትዌር ተመራማሪው ዴቪድ ፓርናስ እ.ኤ.አ. በ1972 ያሳየው ይህንኑ ነው፦ እያንዳንዱ ክፍል ሊለወጥ የሚችል አንድ ውሳኔ ይያዝና ከሌሎቹ ይደብቅ። ሥራውን በቅደም ተከተሉ፣ «መቀበል»፣ «ማስላት»፣ «ማተም» ብሎ መከፋፈል የሚመች ይመስላል፤ ነገር ግን አንዱ ውሳኔ ሲለወጥ ሦስቱንም ያስነካል።

ከዚህ ልምምድ ብዙውን ጊዜ የሚወጡት የጋራ ክፍሎች ክፍያ፣ የታክስ ስሌት፣ የቀን አቆጣጠር፣ ደረሰኝ ማተሚያ፣ የስም ፍለጋና የተጠቃሚ ፈቃድ ናቸው። የጋራ መስሎ የሚያሳስት ደግሞ አለ፤ ከሁሉም የባሰው «ዕቃ» የሚባለው ነው። መድኃኒት የአገልግሎት ማብቂያ ቀን አለው። የሆቴል ክፍል በሌሊት ይሸጣል፤ ያልተሸጠው ሌሊት ለነገ አይተርፍም። ቀይ እሸት ቡና በኪሎ ይገዛል፣ ዋጋው በየቀኑ ይዋዥቃል፣ ታጥቦ ሲደርቅ ክብደቱ ይቀንሳል። ሦስቱን በአንድ «ዕቃ» ውስጥ ማጨቅ ሃምሳ ባዶ መስኮች ያሉት ሠንጠረዥ ያስወልዳል። የሚመሳሰሉት በስም ብቻ ስለሆነ ለየብቻ ተዋቸው፤ ትንሽ መደጋገም ከሐሰተኛ አንድነት ይሻላል።

2. በትንሹ ጀምሩ፦ የስም ፍለጋ

ለመጀመሪያ ኮምፖነንት የስም ፍለጋን የሚያህል የለም። ትንሽ ነው፣ በማንም ላይ አይደገፍም፣ ጥቅሙም በዚያው ቀን ይታያል። የእንግዳ መቀበያ ሠራተኛዋ «ፀሐይ» ብላ ስትፈልግ «ጸሀይ» ተብሎ የተመዘገበው እንግዳ መገኘት አለበት። ሀ፣ ሐና ኀ፤ ሰና ሠ፤ አና ዐ፤ ጸና ፀ ለፍለጋ ሲባል አንድ ተደርገው መታየት አለባቸው። ይህ ውሳኔ በአሥር ቦታ ተበትኖ ሳይሆን በአንድ ኮምፖነንት ውስጥ ተደብቆ ይቀመጥ።

የውስጡ አሠራር ቀላል ነው፦ እንግዳው የጻፈው ስም ሳይነካ ይቀመጣል፣ ከጎኑ ፊደላቱ ወደ አንድ ዓይነት የተቀየሩበት የመፈለጊያ ቁልፍ ይቀመጣል። ስሙን ራሱን «አስተካክሎ» ማስቀመጥ ግን ነውር ነው፤ ሰው ስሙን እንዴት እንደሚጽፍ የሚያውቀው ራሱ ነው። ይህ ዘዴ «ሐዋሳ» እና «ሀዋሳ» የሚሉትን ያገናኛል፤ «አዋሳ» ግን በፊደል ቅያሪ ስለማይገኝ የተለዋጭ ስሞች ዝርዝር ያስፈልገዋል። ዝርዝሩ ነገ ቢጨመር ከኮምፖነንቱ ውጭ ያለ አንድም መስመር መነካት የለበትም። ከተነካ ውሳኔው አልተደበቀም ማለት ነው።

3. ኮድ ከመጻፍ በፊት ውል ጻፉ

መመሪያውን በችኮላ የሚያነብ ሰው ሌላውን ቢዘል እንኳ ይህን ደረጃ አይዝለል። ኮምፖነንት የሚታወቀው በሚገባው ቃል ነው። ቃሉ ምን እንደሚቀበል፣ ምን እንደሚመልስ፣ ሲያቅተው ምን እንደሚል ይዘረዝራል። የሶፍትዌር ተመራማሪው በርትራንድ ሜየር እ.ኤ.አ. በ1986 በውል መንደፍ ብሎ ስም ያወጣለት አሠራር ይህ ነው፦ ጠሪው አስቀድሞ የሚያሟላው ግዴታ አለ፣ ተጠሪው በመጨረሻ የሚያረጋግጠው ግዴታ አለ፣ ሁለቱም በጽሑፍ ይቀመጣሉ።

ክፍያን እንውሰድ። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ኤም-ፔሳ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ተከተለ፤ የንግድ ባንክ ሲቢኢ ብርም አለ፤ ጥሬ ገንዘብም የትም አልሄደም። ነገ ደግሞ ሌላ ይመጣል። የሆቴሉ ኮድ እነዚህን በስም ማወቅ የለበትም። የሚያውቀው ይህን ብቻ ይሁን፦

ውል፦ ገንዘብ ተቀባይ
አስከፍል (መጠን በሳንቲም፣ የእኛ ማጣቀሻ) → ተከፍሏል፣ አልተከፈለም ወይም ገና አልታወቀም
አጣራ (የእኛ ማጣቀሻ) → ተከፍሏል፣ አልተከፈለም ወይም ገና አልታወቀም

ሁለት መስመር ነው፤ ግን እያንዳንዱ ቃል የተመረጠበት ምክንያት አለው።

መጠኑ በሳንቲም፣ በሙሉ ቁጥር የሚላከው ኮምፒውተር የአሥርዮሽ ክፍልፋዮችን በሁለትዮሽ ሲይዝ ስለሚያዛባ ነው። በብዙ የፕሮግራም ቋንቋዎች 0.1 እና 0.2 ሲደመሩ የሚወጣው 0.30000000000000004 ነው። ሒሳብ ሹሙ ሌሊቱን አንዲት ሳንቲም ሲፈልግ ከሚያድር ገና በውሉ ላይ ክፍልፋይ ይከልከል።

ማጣቀሻው «የእኛ» የተባለው ቁጥሩን የምናወጣው እኛ፣ ጥያቄው ከመላኩ በፊት ስለሆነ ነው። ኔትወርክ ተቆርጦ ያው ጥያቄ ሁለት ጊዜ ቢላክ ኮምፖነንቱ በአንድ ማጣቀሻ ሁለት ጊዜ እንዳያስከፍል ውሉ ያስገድደዋል። አገልግሎት ሰጪው የራሱን ቁጥር ይስጥ፤ ቁጥሩ ኮምፖነንቱ ውስጥ ይቅር። ያ ቁጥር ወጥቶ የሆቴሉ ሠንጠረዥ ውስጥ ከገባ ውሉ ቀዳዳ አለው፤ ኮምፖነንቱን ለመንቀል ሲሞከር ያ ቀዳዳ ነው አላስነቅል የሚለው።

ሦስተኛው መልስ፣ «ገና አልታወቀም»፣ ብዙ ቡድኖች የሚረሱት ነው። እንግዳው ስልኩ ላይ ከፍሏል፤ ማረጋገጫው ወደ ሆቴሉ ሲመጣ መስመሩ ተቋረጠ። ውሉ «አዎ» እና «አይደለም» ብቻ ካለው ፕሮግራሙ «አልተከፈለም» ይላል፣ ሠራተኛዋም እንደገና ትጠይቃለች። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። «ገና አልታወቀም» የተባለ ጠሪ ግን «አጣራ» የሚለውን ደጋግሞ የመጥራት ግዴታ አለበት፤ እስኪረጋገጥም ሒሳቡ በይደር ይቆያል። በኔትወርክ የሚሠራ ማንኛውም ኮምፖነንት ይህ ሦስተኛ መልስ ከሌለው ውሉ አላለቀም።

ገንዘብ መመለስ ውሉ ውስጥ እንዳልገባ አስተውሉ። በፕሮግራም መመለስ የማይቻልባቸው መንገዶች ስላሉ «ገንዘብ መላሽ» የሚባል ሌላ ውል ይሁን፤ የሚችለው ይፈርመዋል፣ የማይችለው አይፈርምም። አንድን ውል ማንም ሙሉ በሙሉ የማይፈጽመው ዝርዝር ማድረግ «ይህን አልደግፍም» ብለው ስህተት የሚወረውሩ ኮምፖነንቶችን ያበዛል። ውሉ ትንሽ ሲሆን መዋሸት ያስቸግራል።

ሌላው ጥንቃቄ የቃላት ምርጫ ነው። ውሉ በሥራው ቋንቋ ይጻፍ፤ በአቅራቢው ቋንቋ አይጻፍ። በአንድ አገልግሎት ሰጪ ሰነድ ላይ ያሉትን የመስክ ስሞች እንዳሉ የገለበጠ ውል የዚያ አገልግሎት ሰጪ ጥላ ነው፤ ሁለተኛው ሲመጣ ይፈርሳል። ጃቫም ሆነ ፓይተን 3 የተባሉት የፕሮግራም ቋንቋዎች የተለዋዋጭ ስሞችን በግዕዝ ፊደል መጻፍ ይፈቅዳሉ፤ ቡድኑ በአማርኛ የሚያስብ ከሆነ ቢያንስ የውሉን ረቂቅ በአማርኛ መጻፍ ብዙ ጭጋግ ይገፋል።

4. ኮምፖነንት የሚፈልገውን በበሩ ይቀበል

የሆቴሉ ኮምፖነንት ገንዘብ ተቀባይ ያስፈልገዋል። ራሱ ሄዶ «ቴሌብርን አምጡ» ካለ ተጣብቋል። ከየትኛውም ፋይል የሚደረስበት የጋራ ተለዋዋጭ ውስጥ ከፈለገው ደግሞ መጣበቁ ተደብቋል፤ ይህ ይብሳል። ትክክለኛው መንገድ ሲፈጠር «ገንዘብ ተቀባይ የሚባለውን ውል የሚፈጽም ስጡኝ» ብሎ በግልጽ መጠየቅ ነው። የትኛው እንደሚሰጠው የሚወሰነው በአንድ የመገጣጠሚያ ፋይል ውስጥ ብቻ ነው። የሐይቁ ዳር ሆቴል አንድ የመገጣጠሚያ ፋይል አለው፣ መድኃኒት ቤቱ ሌላ አለው፤ የቀረው ኮድ አንድ ነው። ለዚህ በጃቫ የተሠራውን ስፕሪንግ የተባለ ፍሬምወርክ የመሰለ ትልቅ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ሥርዓት ያለው አንድ ፋይል ለትንሽ ቡድን ይበቃል።

ማን በማን ላይ እንደሚደገፍ በወረቀት ሣሉ። ቀስቶቹ ከኮምፖነንቶቹ ወደ ውሎቹ ይሂዱ፤ ዞሮ መነሻው ላይ የሚመለስ ቀስት ከተገኘ ሥራ አቁሙ። ሒሳብ የሆቴል ክፍሎችን ያውቃል፣ የሆቴል ክፍሎችም ሒሳብን ያውቃሉ የሚል ሥዕል ሁለት ስም ያለው አንድ ኮምፖነንት ነው። መፍቻው ብዙውን ጊዜ ውሉን ከፈጻሚው ወስዶ ወደ ፈላጊው ማዛወር ነው፤ የሚያስፈልገውን የሚያውቀው ፈላጊው ነውና።

ሰዓትም መሰጠት ካለባቸው ነገሮች አንዱ ነው። «አሁን ስንት ሰዓት ነው?» ብሎ ኮምፒውተሩን በቀጥታ የሚጠይቅ ኮምፖነንት ሊፈተን አይችልም። ሰዓትን እንደ ማንኛውም ውል በበሩ ስጡት፤ ያን ጊዜ ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ዓ.ም. ላይ አቁማችሁ ማየት ትችላላችሁ። የእኛ ዓመት 13 ወር አለው፤ ጳጉሜ በሦስት ዓመት 5 ቀን፣ በአራተኛው 6 ቀን ናት። ዓመትን በ12 የሚያካፍል የወር ሪፖርት እዚያ ላይ ይሰበራል። ቀኑም የሚጀምረው ከእኩለ ሌሊት ሳይሆን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ነው፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት የገባ እንግዳ የየትኛው ቀን እንግዳ እንደሆነ ሆቴሉ የራሱ ልማድ አለው። ስለዚህ ጊዜን በውስጥ በአንድ ዓለም አቀፍ መለኪያ አስቀምጡ፤ ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር መለወጥ ለማያ ገጹና ለደረሰኙ ብቻ የሚሠራ የአንድ ኮምፖነንት ሥራ ይሁን። የቀን ስሌት ዳታቤዙ ውስጥ ከተበተነ ማንም አይሰበስበውም።

5. ልደቱንና ሞቱን አስቡበት

ፍሬምወርኩ እያንዳንዱን ኮምፖነንት በሁለት ቃል ያዝዛል፦ «ጀምር» እና «አቁም»። የመነሻውን ቅደም ተከተል ከፍላጎት ዝርዝራቸው ያወጣል፤ የሚያቆማቸው በተገላቢጦሽ ነው። ኮምፖነንቱ ምን እንደሚያቀርብና ምን እንደሚፈልግ ከኮዱ ውጭ፣ በትንሽ የመግለጫ ፋይል ይጻፍ። ኤክሊፕስ የተባለው የፕሮግራመሮች መሣሪያ ብዙ ተሰኪዎች (ተጨማሪ ሆነው የሚገጠሙ ክፍሎች) ተሸክሞ የሚነሣው በዚህ ዘዴ ነው፦ መጀመሪያ መግለጫውን ያነባል፣ ኮዱን የሚጭነው ሲፈለግ ነው። እንግዳ መቀበያው ላይ ባለው አሮጌ ኮምፒውተር ይህ ልዩነት በግልጽ ይታያል።

በእኛ ሁኔታ ግን «አቁም» የሚለው ትእዛዝ ላይመጣ ይችላል። መብራት ይጠፋል፤ ኮምፖነንቱ ለመሰናበት ጊዜ አያገኝም። ስለዚህ ሕጉ እንዲህ ይሁን፦ ማንኛውም ኮምፖነንት ያለ «አቁም» ተቋርጦ በሚቀጥለው «ጀምር» ካቆመበት መቀጠል ይችል ዘንድ ይጻፍ። የተጀመረ ክፍያ ጥያቄው ከመላኩ በፊት ማጣቀሻው ዲስክ ላይ ይመዝገብ። ሲነሣ በይደር የቆዩትን ሁሉ «አጣራ» ይበል። የማስቆሚያውን ኮድ ማሳመር የሚወድ ፕሮግራመር አለ፤ ጊዜውን በመነሻው ላይ ቢያጠፋ ይሻላል። ፈተናውም ቀላል ነው፦ በሥራ መካከል ሶኬቱን ንቀሉት።

የአንዱ ሕመም ወደ ሌላው እንዳይተላለፍም ድንበር አብጁ። የማተሚያው ወረቀት ስላለቀ እንግዳ መመዝገብ መቆም የለበትም። ፍሬምወርኩ ኮምፖነንትን ሲጠራ የጊዜ ገደብ ይያዝ፤ ካለፈ ኮምፖነንቱን «ታሟል» ብሎ ይመዝግብና ለሠራተኛዋ በግልጽ አማርኛ ይንገራት። «ስህተት 0» የሚል መልእክት ለማንም አይጠቅምም።

6. ማን ምን እንደሚያዝዝ፣ የማን ዳታ የማን እንደሆነ

ኮምፖነንቶች የሚነጋገሩባቸው ሁለት መንገዶች ይበቃሉ። መልስ የምትጠብቁ ከሆነ በውል ጠይቁ፤ መልስ የማትጠብቁ ከሆነ ክስተቱን አሰሙ። «አስከፍል» መልስ ይፈልጋል። «እንግዳው ክፍሉን ለቅቋል» ግን ይሰማል፤ የጽዳት ዝርዝሩም ሪፖርቱም ሰምተው የየራሳቸውን ይሠራሉ፣ የተናገረው ማን እንደሰማው አያውቅም። ክስተት ጣፋጭ ስለሆነ ሁሉን ነገር በክስተት ለማድረግ የሚነሣ ሰው አይጠፋም። አትፍቀዱለት፤ ስህተት ሲፈጠር ማን ምን ሰምቶ ምን እንዳደረገ ሲፈለግ ይመሻል።

ዳታን በተመለከተ ሕጉ ጥብቅ ነው፦ እያንዳንዱ ሠንጠረዥ አንድ ባለቤት አለው፣ ከባለቤቱ በቀር ማንም አይጽፍበትም፣ አያነብበትምም። ይህን ሕግ መጀመሪያ የሚጥሰው ሪፖርት ነው፤ «ማንበብ ብቻ ነው» እያለ የሁሉንም ጓዳ ያያል። ከዚያ በኋላ የክፍሎች ሠንጠረዥ አንድ ዓምድ ሲቀየር የወሩ ሪፖርት ባዶ ይወጣል። ሪፖርት የሚፈልገውን ባለቤቱ ለንባብ ባዘጋጀው እይታ በኩል ያግኝ፤ ያ እይታ የውሉ አካል ነው፣ እንደ ውልም ይጠበቃል።

7. ፈተናውን ለውሉ ጻፉ

ለገንዘብ ተቀባይ ውል አንድ የፈተና ስብስብ ይጻፍ፤ ያንኑ ስብስብ ጥሬ ገንዘቡም፣ የሞባይል ክፍያዎቹም፣ ለልምምድ የተሠራው ሐሰተኛ ተቀባይም ይለፉት። ሐሰተኛው ሆን ብሎ የሚያመነታ ይሁን፦ አንዳንዴ ይዘገያል፣ አንዳንዴ «ገና አልታወቀም» ይላል፣ አንዳንዴ አስከፍሎ ሳለ ይጠፋል። ኔትወርክ በሌለበት ቀን ሥራ የሚቀጥለውም በእሱ ነው።

ፈተናው የሚያየው ነገር ላይ ተጠንቀቁ። ብዙ ሆቴሎች 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ይጨምራሉ፤ ተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ ነው። የ1,000 ብር ክፍል ላይ መጀመሪያ አገልግሎቱን፣ ቀጥሎ በድምሩ ላይ ታክሱን ብታሰሉ 1,000 ሲደመር 100 ሲደመር 165፣ ጠቅላላ 1,265 ብር ይሆናል። ቅደም ተከተሉን ብትገለብጡት 1,000 ሲደመር 150 ሲደመር 115፣ ጠቅላላው አሁንም 1,265 ብር ነው። ጠቅላላውን ብቻ የሚያይ ፈተና ሁለቱንም ያሳልፋል፤ ለግብር የሚመዘገበው ግን በአንዱ 165፣ በሌላው 150 ብር ነው። ስለዚህ ፈተናው እያንዳንዱን መስመር ይይ፤ የትኛው ቅደም ተከተል እንደሚሠራበትም የደንበኛውን ሒሳብ ሹም ጠይቃችሁ በውሉ ላይ ጻፉ።

በመጨረሻ የመንቀል ፈተና አለ። የአንዱን ኮምፖነንት ፎልደር አጥፉ፣ ከመገጣጠሚያው ፋይል ስሙን አውጡ፣ ሥርዓቱን አስነሡ። የሞባይል ክፍያው ሲነቀል በጥሬ ገንዘብ መሥራት አለበት። ሪፖርቱ ሲነቀል እንግዳ መቀበል መቀጠል አለበት። ኮምፒውተሩ ቅሬታ ካሰማ፣ ቅሬታው የመጣበት መስመር ቀጥሎ የሚታረመው ነው። ይህን በየሳምንቱ በራሱ እንዲሠራ ማድረግ ይቻላል፤ አንድ ስክሪፕት ኮምፖነንቶቹን በየተራ እየነቀለ ያስነሣ።

8. ስሪት

ሦስት ቁጥር ያለውን የታወቀ አሰያየም ተጠቀሙ። ውሉን የሚያፈርስ ለውጥ የመጀመሪያውን፣ የሚጨምር ለውጥ መካከለኛውን፣ ስህተት የሚያርም የመጨረሻውን ቁጥር ያሳድጋል። ከዚህ በላይ የሚጠቅመው ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1993 ካወጣው ኮም (COM) ከተባለ የኮምፖነንት ሥርዓት የሚወረስ ልማድ ነው፦ አንዴ የወጣ ውል አይነካም። መለወጥ ካለበት «ገንዘብ ተቀባይ 2» ይወለዳል፤ የድሮውም እስኪለቁት ድረስ ይኖራል። አለታ ወንዶ ያለውን ሰርቨር ለማደስ መንገድ መሄድ የሚጠይቅ ከሆነ የዚህ ልማድ ዋጋ ወዲያው ይገባል።

የሌሎችን ኮምፖነንት ስትጠቀሙ ቅጂውን እናንተ ዘንድ አስቀምጡ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2016 ሌፍት-ፓድ የተባለች 11 መስመር ብቻ የሆነች የጃቫስክሪፕት ኮድ ደራሲዋ ከጋራ ማከማቻው ሲያነሣት በዓለም ዙሪያ ብዙ ፕሮጀክቶች መገንባት አቅቷቸው ነበር። ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ቦታ የራስን ቅጂ መያዝ አማራጭ የለውም።

9. ባዕድ ሰው ይሞክረው

ከሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ለልምምድ የመጣ ተማሪ ካለ ውሉን፣ የፈተናውን ስብስብና አንድ ገጽ ማብራሪያ ስጡትና አዲስ የደረሰኝ ማተሚያ ኮምፖነንት ይጻፍ። ከጎኑ ተቀመጡ፣ ግን አትርዱት። የት እንደቆመ፣ የትኛውን ፋይል ሊከፍት እንደሄደ መዝግቡ። የእምብርቱን ኮድ ከፍቶ ማንበብ ካስፈለገው የጎደለው ውሉ ነው፤ ተማሪውን አትውቀሱ። ማብራሪያውን ከዚያ ማስታወሻ ተነሥታችሁ እንደገና ጻፉት። ከባዶ የተጻፈ ማብራሪያ ጸሐፊው የሚያውቀውን ይዘላል።

10. የድሮውን ደንበኛ ማዛወር

ሁሉንም በአንድ ሌሊት ማዛወር አይሞከርም። አንድ ኮምፖነንት ምረጡ፤ የታክስ ስሌት ጥሩ መነሻ ነው። ከድሮው ኮድ ጎን ተክላችሁ ሁለቱም ይሥሩ፤ ለደንበኛው የሚታየው ግን የድሮው መልስ ብቻ ይሁን። ልዩነት በተገኘ ቁጥር ግብዓቱንና ሁለቱን መልሶች መዝግቡ። አንዳንዱ ልዩነት የአዲሱ ስህተት ይሆናል፤ አንዳንዱ ግን ለዓመታት ማንም ያላስተዋለው የድሮው ስህተት ይሆናል። እሱን ዝም ብላችሁ አታርሙ፤ ቁጥሩ የሚነካው የደንበኛውን መዝገብ ስለሆነ መጀመሪያ ለባለቤቱና ለሒሳብ ሹሙ አሳዩ። አንድ ሙሉ ወር፣ የወር መዝጊያውን ጨምሮ፣ ያለ ልዩነት ካለፈ አዲሱ ይናገር፣ የድሮው ያዳምጥ። አንድ ወር ጨምሩና የድሮውን ኮድ አጥፉ። «ምናልባት ያስፈልግ ይሆናል» የሚል ሰው ካለ ቅጂው በስሪት ማከማቻው ውስጥ እንዳለ አሳዩት። ከዚያ ቀጣዩን ኮምፖነንት ምረጡ፤ ክፍያውን ግን ከሁሉ ኋላ አድርጉት።